መሠረት ከመቆፈሩ በፊት

በዚህ ዓምድ ስለ ቤት አያያዝ፣ ስለ ልጆች አስተዳደግና ስለ ባልና ሚስት ገንዘብ ስንወያይ ቆይተናል። የዛሬው ርእሳችን ከነዚህ ሁሉ የሚቀድም ነው፤ ይኸውም ቤቱ የሚቆምበት መሬት ነው።

«ጋይንት መሬት ገዛን»፤ «ስማዳ ለጎጆ የምትሆን ቦታ አገኘን»፤ «እስቴ፣ እናታችን ከተወለደችበት ቀበሌ፣ አንድ ጥማድ ያዝን» የሚለው ወሬ በባሕር ዳር፣ በጎንደር፣ በአዲስ አበባ፣ ከዚያም አልፎ በባሕር ማዶ በሚኖሩ የአገሩ ተወላጆች ዘንድ የሚሰማ ነው። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ሰው በጡረታው ዘመን የሚያርፍበት፣ ልጆቹም የአባት የእናታቸውን አገር የሚያውቁበት ጎጆ ቢመኝ አያስደንቅም። ነገር ግን ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከሜዳ የታፈሰ አይደለም። ከደመወዝ የተቆጠበ፣ ከዕቁብ የወጣ፣ አንዳንዴም የእናት የአንገት ወርቅ ተሸጦ የተሟላ ነው። ስለዚህም ነገሩ በወጉ ሊመከርበት ይገባል።

አዝመራው ተሰብስቦ አውድማው ባዶ ሲሆን ቤተሰቡ መሬቱን ሊያይ ይወጣል። ባል ከዳር እስከ ዳር በእርምጃ ይለካል። ሚስት ማድ ቤቱ ወዴት ቢሆን ጢሱ ወደ መኝታ ቤት እንደማይገባ በዓይኗ ታማትራለች። ልጆች ይሯሯጣሉ። ያገናኘው ደላላ ወይም ዘመድ «ድንጋዩ ከዚሁ ነው፤ ግንበኛም አለ፤ መቼ እንጀምር?» ይላል። «በቅሎ ግዙ ግዙ፣ አንድ አሞሌ ላያግዙ» የሚባለው እንዲህ ላለው አማካሪ ነው። እኛ ደግሞ «መቼ?» ከሚለው በፊት ሌሎች ጥያቄዎች ይቅደሙ እንላለን። ከነዚህም ዋነኛው፦ የዚህ መሬት ደብተር በማን ስም ነው? በደብተሩ ላይ ስሟ ያለው ሴትስ ወዳና ፈቅዳ እሺ ብላለች ወይ? የሚለው ነው።

«ገዛን» ሲባል

በመጀመሪያ ቃሉን እናጥራ። በኢትዮጵያ ሕግ የገጠር መሬት አይሸጥም፤ ስለዚህም ገዝቶ ባለቤት የሆነ ሰው የለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 40 የገጠርም ሆነ የከተማ መሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን፣ መሬትም የማይሸጥ የማይለወጥ መሆኑን ደንግጓል። ክልከላው ከዚያም የቆየ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ለማድረግ የወጣው አዋጅ ቁጥር 31 መሬትን መሸጥን፣ መለወጥንና በመያዣ መስጠትን ከልክሎ ነበር። እንግዲህ በዚህ አገር የገጠር መሬት ሽያጭ በሕግ ከተከለከለ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ገበሬው በእጁ ያለው የይዞታ መብት ነው። ያርሰዋል፣ ያለማዋል፣ ያከራየዋል፣ ለልጁ ያወርሰዋል፤ ሕጉ ለፈቀደለት ሰውም በስጦታ ይሰጠዋል። ሊሸጠው ግን አይችልም። ይህንንም ሻጭ ነኝ ባዩም ገዢ ነኝ ባዩም ስለሚያውቁ ለሽያጩ ሌላ ስም ያወጡለታል። አንዱ «ብድር ነው» ይላል። ሌላው «ስጦታ ነው» ብሎ ያጽፋል። ሌላው ደግሞ ማብቂያ የሌለው ኪራይ ያደርገዋል። በመሬቱ ጥግ አንዲት ደሳሳ ጎጆ አቁሞ «እኔ የሸጥኩት ቤቱን ነው» የሚልም አይጠፋም። ስሙ ቢለወጥ ግብሩ አይለወጥም። ነገሩ ፍርድ ቤት ደርሶ የመሬት ሽያጭ መሆኑ ከተረጋገጠ ውሉ ፈራሽ ነው።

ውል ሲፈርስ ተዋዋዮቹ በተቻለ መጠን ወደ ነበሩበት እንዲመለሱ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ያዛል፤ ማለትም መሬቱ ለባለ ይዞታው፣ ገንዘቡም ለከፋዩ ይመለሳል። በወረቀት ሲታይ ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን ከዓመታት በፊት ተከፍሎ በሬ የተገዛበት፣ ልጅ የተዳረበት፣ እህል የተሸመተበት ብር ከገበሬው እጅ እንዴት ይወጣል? ቢወጣስ ያን ጊዜ ይገዛ የነበረውን ያህል ዛሬ ይገዛል ወይ? ይህን ማሰብ የከፋዩ ፈንታ ነው።

ለቤት ሠሪ የሚጠቅመው ድንጋጌም እዚያው አንቀጽ 40 ውስጥ፣ በንዑስ አንቀጽ 7 ይገኛል። ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በመሬት ላይ በጉልበቱ ወይም በገንዘቡ በሚገነባው ቋሚ ንብረት ላይ ሙሉ መብት እንዳለው፣ ይህንንም ማስተላለፍና ማውረስ እንደሚችል፣ የመሬት ተጠቃሚነቱ ሲያበቃም ንብረቱን ለማንሣት ወይም ካሣ ለመጠየቅ እንደሚችል ይናገራል። በአጭሩ፣ ግድግዳውና ጣሪያው የሠሪው ነው፤ አፈሩ ግን አይደለም። ይህ መብት በደንብ የሚጠብቀውም በሕግ መንገድ በመሬቱ ላይ የገባውን ሰው ነው። በፈራሽ ወረቀት ገብቶ የሠራ ሰው ቢያንስ ረጅም ሙግት፣ ሲከፋም ቆርቆሮውን ነቅሎ መሄድ ይጠብቀዋል።

በደብተሩ ላይ ያለችው ሴት

ከ1967 ዓ.ም በፊት በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ፣ እንደ ሌላው የቤጌምድር ደጋ ሁሉ፣ የመሬቱ ሥርዓት ርስት ነበር። ርስት በአባትም በእናትም ወገን ይቆጠራል፤ ስለዚህ ሴት ልጅም ከአቅኚው አባት ወርዳ ድርሻዬን ለማለት ትችላለች። በወግ እንዲህ ይሁን እንጂ ወደ ባሏ አገር ስትዳር ድርሻዋ ብዙውን ጊዜ በወንድሞቿ እጅ ይቀር ነበር። ልጠይቅ ብትልም ሙግት አለ፤ ሙግት ደግሞ ስንቅ፣ ገንዘብና ጊዜ ይፈልጋል። «በሚስትና በርስት ቀልድ የለም» የሚለው አባባል የወንዱን ቁጣ ይናገራል። ሚስቲቱ ራሷ የርስት ጌታ ልትሆን እንደምትችል ግን አያነሣም።

የ1967ቱ አዋጅ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ ያለ ጾታ ልዩነት መሬት እንዲሰጥ አዘዘ። ሆኖም በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ የሚሰፍረው በአብዛኛው የቤተሰቡ ኃላፊ የተባለው የወንዱ ስም ነበር። ሕገ መንግሥቱ ደግሞ በአንቀጽ 35 ሴቶች በተለይ መሬትን በመጠቀም፣ በማስተላለፍ፣ በማስተዳደርና በመቆጣጠር ረገድ ከወንዶች ጋር እኩል መብት እንዳላቸው ለይቶ ጻፈ። በአማራ ክልል ከ1995 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ሲታደል ይህ መብት ወደ እያንዳንዱ ቤት ገባ። የባልና የሚስት ስም በአንድ ደብተር ሰፈረ፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ተለጠፈ። ባሏ የሞተባት ወይም የተፋታች ሴትም በራሷ ስም ደብተር ያዘች።

እንግዲህ ይህ ለእናንተ ምን ማለት ነው? መሬቱን «ሰጠን» ያላችሁት ሰው ባለትዳር ከሆነና ደብተሩም የጋራ ከሆነ፣ መሸጡ ቀርቶ ማከራየቱንም ብቻውን ሊያደርገው አይገባም። የ1992ቱ የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213፣ የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ሲሸጥ፣ ሲለወጥ ወይም ሲከራይ የባልም የሚስትም ስምምነት እንዲኖር ያዛል። የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም በአዋጅ ቁጥር 79 የራሱን የቤተሰብ ሕግ ሲያወጣ ይህንኑ መሠረተ ሐሳብ ተከትሏል። ስለዚህ ሚስቲቱ ያልፈረመችበት ወረቀት ከመሬቱ ባለ መብቶች የአንዷን ቃል ያጎደለ ወረቀት ነው።

ይህን ማረጋገጥ በተለይ የእመቤቲቱ ሥራ ነው። ወንዶቹ ከደጅ ቆመው ስለ ድንጋይና ስለ ወራጅ ሲነጋገሩ የቤቲቱ ሴት ቡና አቅርባ ትመለሳለች፤ ቃሏን የሚጠይቃት የለም። እናንተ ሚስቶች ግን እጓዳው ገብታችሁ፣ ከምጣዱ አጠገብ ተቀምጣችሁ፣ በዝግታ ልታጫውቷት ትችላላችሁ። ፎቶግራፏ ያለበት ደብተር የት እንደተቀመጠ፣ ውሉን ታውቅ እንደሆነ፣ ገንዘቡ ሲቆጠር በቦታው ነበረች ወይ፣ መሬቱ ከሄደ በኋላ ቤተሰቡ በምን እንደሚኖር ጠይቋት። መልሷ የተንተባተበ ከሆነ፣ ወይም «እሱ ያውቃል» ብላ ዓይኗን ወደ መሬት ካዞረች፣ ቆም በሉ። ያን ቀን የምትሰሙት ዝምታ ከዓመታት በኋላ በፍርድ ቤት የሚነበብ ክስ ሊሆን ይችላል።

ይበልጥ ሊታሰብላት የሚገባት ደግሞ ያለ ባል የምትኖረው ሴት ናት። በሬ የሌላት፣ የሚያርስላት ልጅም ያልደረሰላት እናት መሬቷን ለእኩል ትሰጣለች። እኩል አራሹ ወይም የባሏ ወንድም ዓመታት ሲያርሰው እንደ ራሱ ቆጥሮት ለእንግዳ ሊያስተላልፈው ይሞክር ይሆናል። ለምን እንደሚሸጥም መጠየቅ ተገቢ ነው። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ በ1997 ዓ.ም በተጀመረው የልማታዊ ሴፍቲኔት ፕሮግራም ከታቀፉት ወረዳዎች መካከል ናቸው፤ ይህም ቆላውና ሸለቆው በዝናብ እጥረት ምን ያህል እንደሚጎዳ ያሳያል። በክፉ ቀን፣ ልጅ ሲርበው ወይም ሲታመም፣ እሺ የማይል የለም። ነገር ግን በአንድ ክፉ ዓመት ለአንድ ክረምት ቀለብ ብላ የለቀቀችውን መሬት በደጉ ዓመት መልሳ አታገኘውም። ብትለቀው የሚቀራት የቀን ሥራ ወይም ስደት ነው። በኪራይ ብትሰጠው ግን ገንዘቡንም ታገኛለች፣ ደብተሩም ከእጇ አይወጣም። የእናንተ ጎጆ የሌላዋን ጎጆ አፍርሶ እንዳይቆም ማሰብ የሕግ ብቻ ሳይሆን የኅሊናም ጉዳይ ነው።

መሬቱን ሁለት ጊዜ እዩ

የይዞታው ጥያቄ መልስ አግኝቷል እንበል። ቀጥሎ የመሬቱ ጠባይ ይታያል። በክልሉ ከ2015 ዓ.ም መጨረሻ ወዲህ በተነሣው ግጭት የተነሣ መንገዱ ሰላም መሆኑን፣ የወረዳው ጽሕፈት ቤትም ሥራ ላይ መሆኑን አስቀድሞ ከአገሩ ሰው ማጣራት ያስፈልጋል። ጉብኝቱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ አይሁን። በጥር ያያችሁት መሬት በነሐሴ ሌላ ነው። በክረምት ጎርፉ ከየት ወርዶ ወዴት እንደሚሄድ፣ ቦረቦሩ በየዓመቱ ምን ያህል እየበላ እንደሚመጣ ይታያል። በሚያዝያ ደግሞ ምንጩ መድረቅ አለመድረቁ ይታወቃል።

አገሩም አንድ ዓይነት አይደለም። የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይቆማል፤ ወደ ጣና የሚወርዱት ርብና ጉማራ የሚነሡት ከዚያ ነው። ከጉና ትከሻ እስከ ነፋስ መውጫ ያለው ደጋ የገብስና የድንች አገር ነው። ከተማይቱ በ3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ስትሆን፣ ስሟም ጣሪያ ለሚመታ ሰው በቂ ምክር ነው። ከታች ጋይንትና ከስማዳ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ሲወረድ ደግሞ ሙቀቱ፣ ወባውና የውኃው እጥረት ይጠብቃል። ስለዚህ ለደጋው የተነደፈ ቤት ለቆላው አይሆንም።

በደጋው ቆርቆሮ ሲመረጥ ቁጥሩን ተመልከቱ። የጌጁ ቁጥር ከፍ ባለ መጠን ቆርቆሮው ስስ ነው፤ 35 ጌጅ ከ28 ጌጅ ይሳሳል። ዋጋው ረከሰ ተብሎ ስሱን በነፋሻ ቦታ መምታት ጣሪያን ለነፋስ ማበደር ነው። ማገሩ ይጠጋጋ፤ በሩም ነፋስ ወደሚመጣበት አቅጣጫ አይሁን። አፈሩ ጥቁር መረሬ ከሆነ በክረምት እየጠጣ ያብጣል፣ በበጋ እየደረቀ ይሰነጠቃል፤ ግድግዳውም አብሮት ይሰነጠቃል። እንዲህ ባለ ቦታ መሠረቱ ጠልቆ ጽኑ መሬት ካልደረሰ ምርጊቱን በየዓመቱ ማደስ ነው። ቆላ ላይ ደግሞ ምስጥ ቋሚውን ከሥር እንዳይበላው እንጨቱን ከአፈር ለይቶ በድንጋይ ላይ ማቆም ይበጃል።

ከሁሉ በላይ ግን ውኃ ነው። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 15 ሊትር ውኃ እንደሚያስፈልግ በዓለም አቀፍ የእርዳታ መመዘኛ ተቀምጧል። ስድስት ሰው ላለበት ቤት 90 ሊትር፣ ማለትም ወደ አምስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይሆናል። ምንጩ የግማሽ ሰዓት መንገድ ከራቀ ሄዶ መመለሱ አንድ ሰዓት ነው፤ አምስቱ ጀሪካን የአምስት ሰዓት ጉዞ ይጠይቃል። ይህን ሸክም የሚሸከመው ማን እንደሆነ የታወቀ ነው። እናትየዋ ካልሄደች ልጅቱ ትሄዳለች፤ ልጅቱ ስትሄድ ትምህርቷ ይቀራል። ባል በእርምጃ የሚለካው የመሬቱን ስፋት ከሆነ፣ ሚስት ደግሞ እስከ ምንጩ ያለውን መንገድ በሰዓት ትለካ። እንዲያውም ባል ራሱ አንድ ጀሪካን ተሸክሞ አቀበቱን ቢወጣ የቤቱ ቦታ በአንድ ቀን ሊለወጥ ይችላል።

የቆርቆሮ ጣሪያ በዚህ ረገድ አጋዥ ነው። 50 ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ጣሪያ ላይ 20 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲጥል 1,000 ሊትር ውኃ ይወርዳል፤ የሚፈሰው ተቀንሶ እንኳ ብዙ ጀሪካን ይሞላል። ስለዚህ አሸንዳና ማጠራቀሚያ ከቀለምና ከበረንዳ ይቅደሙ። መጸዳጃ ቤቱ ከምንጭ ወይም ከጉድጓድ ቢያንስ 30 ሜትር ርቆ በታችኛው ወገን ይቆፈር። ማድ ቤቱ የጢስ መውጫ ይኑረው፤ ምድጃውም ማገዶ ቆጣቢ ይሁን። ለጥላና ለማገር ብሎ ባሕር ዛፍን ከምንጩ ሥር መትከል ውኃውን ማስጠጣት መሆኑ አይረሳ።

በመጨረሻም ዙሪያውን ቃኙ። ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ወፍጮውና ገበያው ምን ያህል ይርቃሉ? ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወደ ወልድያ ከሚዘልቀው መንገድ እስከ ቦታችሁ ያለው ኮረኮንች በክረምት መኪና ያስገባል ወይ? ምጥ የያዛት ሴት በሌሊት ብትነሣ በምን ትወጣለች? አዋሳኞቹስ እነማን ናቸው? በደብተሩ ላይ በምሥራቅ፣ በምዕራብ፣ በሰሜንና በደቡብ የተጻፉትን ሰዎች አግኝታችሁ ወሰኑን ቆማችሁ አሳዩን በሉ። ጎረቤት ያልመሰከረለት ወሰን ለነገ ጠብ የተቀመጠ ነው።

እንሥራ ወይስ አንሥራ?

ይህን ሁሉ ካያችሁ በኋላ ባልና ሚስት፣ የደረሱ ልጆችም ካሉ ጨምራችሁ፣ ተቀምጣችሁ ተመካከሩ። ከሦስት መልሶች አንዱ ይገጥማችኋል።

አንደኛው «ሥሩ» የሚለው ነው። መሬቱ በውርስ ወይም ሕጉ በሚፈቅደው ስጦታ ከወላጅ የተላለፈላችሁ ከሆነ፣ ይህም በወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ተመዝግቦ ደብተሩ በስማችሁ ከወጣ፣ የእርሻውን መሬት ለቤት ስለማዋልም ጽሕፈት ቤቱን ጠይቃችሁ ከተፈቀደላችሁ ሥሩ። በትንሹ ጀምሩ። ውኃውን፣ መጸዳጃውንና ሁለት ክፍሉን አስቀድማችሁ፣ የቀረውን እየኖራችሁ ጨምሩ።

ሁለተኛው «ቆዩ» የሚለው ነው። መሬቱን የያዛችሁት በኪራይ ከሆነ በደልም ጥፋትም የለበትም፤ ሕጉ የሚያውቀው መንገድ ነው። ነገር ግን ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የጊዜው ልክ ይገለጥበት፤ ባልም ሚስትም ይፈርሙበት፤ በወረዳው ጽሕፈት ቤትም ይመዝገብ። የኪራዩ ዘመን ሲያልቅ በመሬቱ ላይ ያለው ቤት የማን እንደሚሆን፣ ትነቅሉታላችሁ ወይስ ባለ ይዞታዋ ግምቱን ከፍላ ትወስደዋለች የሚለው በግልጽ ይጻፍ። እንዲህ ባለ መሬት ላይ የድንጋይ ግንብ መገንባት አይመከርም፤ የሚነቀል የእንጨትና የቆርቆሮ ቤት ይበቃል። ሂሳቡንም ሥሩት። ቤቱ 600,000 ብር ቢፈጅና ኪራዩ የዐሥር ዓመት ቢሆን፣ በዓመት 60,000፣ በወር 5,000 ብር መሆኑ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለጥምቀትና ለፋሲካ፣ ለምታድሩበት ቤት በየወሩ 5,000 ብር ትከፍላላችሁ ወይ? «አዎን» ካላችሁ ይሁን። «እንዴት ተደርጎ!» ካላችሁ መልሱን አገኛችሁት።

ሦስተኛው «አትሥሩ» የሚለው ነው። በእጃችሁ ያለው በሁለት ምስክር ፊት የተጻፈ የሽያጭ ወረቀት ብቻ ከሆነ አንድ ድንጋይ እንኳ አታስጭኑ። ደላላው «ነገ ከተማ ይገባል፤ ዋጋው ሰማይ ይደርሳል» ቢላችሁ አትታለሉ። ከተማ ሲሰፋ መሬቱ ለሕዝብ ጥቅም ይለቀቃል፤ በ2011 ዓ.ም የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 የሚከፍለውም ካሣ በሕግ ለታወቀ ባለ ይዞታ ነው። እናንተ ወረቀታችሁን ይዛችሁ ከባለ ደብተሩ ጋር ትካሰሳላችሁ እንጂ በቀጥታ የምትቀበሉት የለም።

ታዲያ የተከፈለው ገንዘብ ይቅር ወይ? አይቅር። የአገር ሽማግሌ ይዛችሁ ወደ ባልና ሚስቱ ተመለሱ። ሚስቲቱም ከሽማግሌዎቹ ፊት ትቀመጥ፤ ቃሏም ይሰማ። ሁለቱም ከተስማሙ የከፈላችሁት ገንዘብ ልኩ በታወቀ ዘመን ወደ ኪራይ ይለወጥና ይመዝገብ፤ ያ ካልሆነም በየአዝመራው እየተከፈለ እንዲመለስ ተነጋገሩ። ይህን ማድረግ የሚቻለው ግን ሰላም ሳለ፣ ግድግዳ ሳይቆም ነው። ቤት ከቆመ በኋላ ሁለቱም ወገን እልህ ውስጥ ይገባል፤ እልህ ደግሞ በዚያ አገር ከፍርድ ቤት አልፎ ደም እስከ ማፍሰስ እንደሚደርስ ሁላችሁም የምታውቁት ነው።

ፍላጎታችሁ በአገራችሁ ለዘለቄታው የሚሆን ቤት ማግኘት ከሆነ፣ ነፋስ መውጫ፣ አርብ ገበያ፣ ወገዳና መካነ ኢየሱስ ማዘጋጃ ቤት ያላቸው ከተሞች ናቸው። የከተማ ቦታ በ2004 ዓ.ም በወጣው የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 721፣ መሠረት ይገኛል። የተሠራ ቤትም ማዘጋጃ ቤቱ ዘንድ በሕግ ተገዝቶ ስሙ ይዛወራል። ከዚያ ወደ እናት አገር ቀበሌ በአውቶቡስ ወይም በእግር መሄድ የሰዓታት ጉዳይ ነው፤ ሰነዱ ግን የታመነ ነው።

የእናንተስ ስም?

እስከ አሁን የተናገርነው ስለ ሌላዋ ሴት ፊርማ ነው። የራሳችሁንም አትርሱ። በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት፣ የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ፣ የጋራ እንደሆነ ሕጉ ይገምታል። ግምት ግን መከራከሪያ እንጂ መረጃ አይደለም። የኪራዩ ውል፣ የቆርቆሮውና የሲሚንቶው ደረሰኝ፣ የግንበኛው ውል የባልም የሚስትም ስም ይኑርበት። ወርቋን የሸጠች ሚስት ስሟ ከወረቀቱ ቢጎድል፣ ትዳሩ በሞት ወይም በፍቺ ሲቋረጥ ከባሏ ወንድሞች ጋር ለመሟገት ትገደዳለች።

በውጭ አገር ያላችሁ ደግሞ ገንዘብ ስትልኩ ለወንድም ወይም ለአጎት የምትሰጡት ውክልና ምን እንደሚፈቅድ ቃል በቃል አንብቡ። «በእኔ ስም ይዋዋል» ማለትና «በራሱ ስም ያውጣ» ማለት ልዩነታቸው የሰማይና የምድር ነው። ዘመድን መጠራጠር ነውር ነው ብሎ ዝም ማለት ዝምድናውን አያተርፈውም። የጠራ ወረቀት ግን ያተርፈዋል።

እንግዲህ ውድ አንባብያን፣ መሬት ለማየት የምትወጡ ሁሉ ከስንቃችሁ ጋር አንድ ደብተርና እርሳስ ያዙ። የደብተሩን ባለ ስሞች፣ አዋሳኞቹን፣ የምንጩን ርቀት፣ የነፋሱን አቅጣጫ ጻፉ። ወደ ቤት ተመልሳችሁ አንድ ወር አሳድሩት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይባላል፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፣ በማይገባ መሬት ላይ የፈሰሰ ሲሚንቶ ግን አይለቀምም። የዚያች የጋይንት ወይም የስማዳ ሴት «እሺ» በወረዳው መዝገብ ላይ በእጇ ከሰፈረ፣ የእናንተም ስም ከጎኑ ካለ፣ ያን ጊዜ ግንበኛውን ጥሩት። ይህ ካልሆነ ግን ድንጋዩ ካለበት አይንቀሳቀስ።